ነጭ ክር፣ ቀይ ክር

«አያቴ፣ ይሸታል።»

እማማ አይጣልም የማንቆርቆሪያውን ሆድ ወደ ብርሃኑ አዘንብለው፣ ከታች የተጋገረውን ነጭ የውሃ ቅርፊት ለማስለቀቅ ከኮምጣጤው ጠርሙስ ጠብ ጠብ ያደርጉ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ ኮምጣጤ ጥንትም ጠባዩ ነው፣ ሸቶ ነው የሚያጸዳው ብለው መለሱላት። የልጅ ልጃቸው ድንቢጥ ከእግራቸው ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ያረጁ የጥርስ ብሩሾችን፣ ትልቁን ለጫማ፣ ትንሹን ለቧንቧ ሥር እያለች ትለያለች። ሥራዋን ትታ አፍንጫዋን በሁለት ጣቶቿ ያዘች።

«ኮምጣጤ አይደለም። ነጭ ልብስ ነጭ ልብስ ይሸታል።»

የእማማ እጅ ቆመ። በዚህ ቤት ነጭ ልብስ የሚታጠበው በበረኪና ነው። ልጅቷ አራት ዓመት አልሞላትም፤ መዋሸቱንም ማሽሟጠጡንም ገና አልጀመረችም። ጠርሙሱን አነሱና አንገቱን አዩ። ነጭ ክር ታስሮበታል፤ ቋጠሮውም የራሳቸው፣ ሁለቴ ዞሮ በሥሩ የሚሾልከው ነው። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ሳብ አደረጉ። ኮምጣጤ ነው። ደግመው ሳቡ፤ አሁን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምን እንደያዘ የማያውቁት የሰው ጠርሙስ ነው ብለው። ምንም አልመጣም።

ክሩን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። እማማ ጉልበታቸውን የጨረሱት በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ አንሶላው ከየትኛው ፎቅ እንደመጣ የሚታወቀው ጠርዙ ላይ በተሰፋው ክር ቀለም ነበር። ጡረታ ሲወጡ ይዘውት የወጡት ሀብት ይኸው ብልሃት ነው። ኮምጣጤውንም በረኪናውንም በጀሪካን ይገዙና ሰው ጠጥቶ በጣላቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይቀዳሉ፤ ከዚያ ወደ አፍ ለሚገባው ነጭ ክር፣ ለሚያቃጥለው ቀይ፣ ለአትክልት ለሚሆነው አረንጓዴ። ፊደል ስለማይለዩ አይደለም። ወረቀት እርጥብ እጅ ሲነካው ይላጣል፣ ክር ግን ቢታጠብም ክር ነው ባይ ናቸው። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው በዚህ ነገር ስትጨቃጨቃቸው ኖራለች፤ ስሙ ያልተጻፈበት ነገር ሁሉ መርዝ ነው ትላለች። እሳቸው ደግሞ ስሙ የተጻፈበት መርዝ ስንቱን እንደጨረሰ ቁጠሪ ይሏታል። «አይጣልም» የሚለውንም ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። የእንቁላል ቅርፊት አይጣልም፣ ለቲማቲም ይሆናል፤ የሻይ ዝቃጭ አይጣልም፣ ለአበባው ይሆናል፤ መሃሉ የሳሳ አንሶላም ተቀድዶ ዳርና ዳሩ ሲጋጠም ሌላ ዕድሜ ያገኛል። ሰው ይስቅባቸዋል፤ ሲቸገር ደግሞ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው።

ከቅርጫቱ ጥቁር ጨርቅ መዘዙ፤ የሟች ባላቸው ሱሪ የነበረ፣ አሁን ምድጃ መወልወያ የሆነ። ከባለ ነጭ ክሩ ጠርሙስ አንዲት ጠብታ ጣሉበት። ጨርቁ ጥቂት ቆየና መሃሉ ላይ ዝገት የመሰለ ቀለም ብቅ አለ፤ እየሰፋም ሄደ። ከባለ ቀዩ ጠርሙስ ሌላ ጠብታ ጣሉ። ጨርቁ ረጠበ እንጂ ጥቁረቱን አልለቀቀም።

አቀያይረው አስረዋቸዋል። እንደ ልማዳቸው ቀድተው፣ አሽትተው፣ ከዚያ ነው ክሩን ያሰሩት። ሰሞኑን ነጭ ጨርቆቹ አልነጣ ሲሏቸው፣ ያ ነጋዴ በረኪናውን ውሃ እያጠጣ ነው ብለው ሲረግሙት ሰንብተዋል። ለካ ጨርቁን በኮምጣጤ ሲዘፈዝፉት ኖረዋል፤ ምስኪን ነጋዴ ያለ ጥፋቱ ተረገመ። ሰላጣ ከሠሩ መሰንበታቸውን አስታወሱና ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ምስጋናው ከአፋቸው ሳይወጣ ልብስ ሰፊዋ ትዝ አለቻቸው።

ሰፊዋ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ናት። ጠዋት ብርጭቆ ይዛ ኮምጣጤ ልትለምን መጥታ ነበር። የአንዲት ደንበኛዋ ጥቁር አረንጓዴ ቀሚስ ቀለሙን እየለቀቀ ነጩን አንገትጌ ሊያበላሽባት ሆነና፣ ኮምጣጤ ባለበት ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊው፣ ቀለሙን ያጸናዋል ብለው የመከሯት ራሳቸው ናቸው። ምክሩ ትክክል ነው። ብርጭቆዋን ሞልተው የቀዱላት ግን ከባለ ነጭ ክሩ ጠርሙስ ነበር። ድንቢጥን አቀፉና፣ ማንቆርቆሪያውን እንደተከፈተ ትተውት ወጡ።

የሰፊዋ ቤት ገና ከደጅ ይሰማ ነበር። እሷና ባሏ የሰሞኑን ጉንፋን እኩል ተካፍለውታል፤ የሁለቱም አፍንጫ ተደፍኖ ድምፃቸው ከጉሮሮ ነው የሚወጣው። ባልየው የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው፤ በዚሁ ሕመም ፈቃድ ወስዶ ቤት ውሏል። ሰፊዋ ቀሚሱን በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛዋለች፤ ውሃው በክርኖቿ ይወርዳል። ጥቁር አረንጓዴ የነበረው ጨርቅ እዚህ ቢጫ፣ እዚያ የደረቀ ሣር ሆኗል፤ ወገቡ አካባቢ ብቻ ትንሽ ቀለም ቀርቶለታል።

ለእማማ ነገሩን ከሥሩ ጀምራ ነገረቻቸው። እንደ እሷ አነጋገር ጥፋቱ የባሏ ነበር። ትላንት የሥራ ሸሚዙን በዚሁ ሳፋ በበረኪና ዘፍዝፎ፣ ሳያለቀልቅ መልሶ አስቀምጦላታል። እሱ አለቅልቄዋለሁ ይላል። እሷ ደግሞ አንተ ስታለቀልቅ አውቅሃለሁ፣ ውሃ አሳይተኸው ነው የምትመልሰው ትለዋለች። ቀሚሱ ነገ ጠዋት ይፈለጋል። ባለቤቲቱ ለልጇ ምረቃ ልትለብሰው ነው፤ ጨርቁን ወንድሟ ከሩቅ የላከላት ስለሆነ ገበያ ወጥቶ የሚተካ አይደለም። ይህች ሴት ደግሞ ግማሽ ሰፈሩን እየጎተተች ደንበኛ ያደረገችላት ናት።

«እርስዎንም አስቸገርኩ እማማ» አለች በመጨረሻ። «ኮምጣጤዎ በከንቱ ፈሰሰ።»

እማማ «ልጄ» ብለው ጀመሩ። ቃሉ ከምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። ግን ድንቢጥ አንገታቸው ላይ እንደተጠመጠመች ናት፤ ክብደቷ ደረታቸው ላይ ነው።

በቅርቡ ካውያውን እንደሰኩ አትክልቱ ዘንድ ወጥተው ረስተውት ነበር። ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ የተቃጠለው ጨርቅ ሽታ ከግቢው በር ተቀብሏት፣ ሮጣ ገብታ ነቀለችው። እንዴት ሳይሸትሽ ስትላቸው፣ ነፋሱ ወደዚያ እየወሰደው ነው ብለው መለሱላት። አልጮኸችባቸውም። ድንቢጥን ከካውያው አጠገብ አንስታ፣ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ከተደገመ ልጅቷን የሕፃናት ማቆያ አስገባታለሁ ብቻ አለቻቸው። የምትለውን የምታደርግ ልጅ ናት፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸውና ያውቋታል። ከድንቢጥ በፊት የነበረውን ዘመንም ያውቁታል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቀኑ አልመሽ እያለ፣ የታጠበ ሰሃን መልሰው እያጠቡ የኖሩበት ጊዜ ነው። ሰፊዋ ዛሬ ካወቀች ልጃቸው ማታውኑ ታውቃለች። ይህን ሲያስቡ ከአፋቸው ሊወጣ የነበረው ቃል ተመልሶ ወረደ።

በመካከል ሾፌሩ ተሸነፈ። «እንግዲህ ምናልባት በደንብ አላለቀለቅኩት ይሆናል» አለ። ካለው በኋላ ደግሞ ራሱ ያምነው ጀመር። ትላንት ትኩሳት እንደነበረው፣ ራሱን አሞት እንደነበር፣ የቧንቧው ውሃም ቀጥኖ እንደነበር እያነሳ በራሱ ላይ ይመሰክር ያዘ። ሰው ያላጠፋውን እንዲህ በዝርዝር ሲያስታውስ እማማ አይተው አያውቁም። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታው ቀሚሱን ትጨምቅ ጀመር።

መስኮቱ ላይ ብርጭቆው ተቀምጧል፤ ሩብ ያህል ቀርቶበታል። ሰፊዋ ዓይናቸው ያረፈበትን አይታ፣ የተረፈችውን በለብ ያለ ውሃ እንዲጉመጠመጥባት ለጉሮሮው አስቀመጥኩለት፣ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን አለች።

እማማ ድንቢጥን መሬት አወረዱ። ብርጭቆውን አንስተው ወጡና ከደጅ ቦዩ ውስጥ ደፉት። ከዚያ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ ዝንብ ገብቶበት አየሁ አሉ። ባልና ሚስቱ ተያዩ። ሾፌሩ በዚያ ሁሉ ጭንቁ መሃል ሳቅ አመለጠው።

«እማማ አይጣልም ጣሉ» አለ።

ቤታቸው ሲመለሱ በሩን ዘግተው ከጓዳ ጀመሩ። ሽንኩርት ሰንጥቀው አስጠጉ። አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ የእሳቸው ዓይን ብቻውን አለቀሰ እንጂ አፍንጫቸው የሆነውን አልሰማም። የሳሙና ስብርባሪ የሚያጠራቅሙበትን አሮጌ ካልሲ አሸተቱ። የነጭ ጋዙን ጠርሙስ ከፈቱ። ወደ ደጅ ወጥተው፣ በዘይት ቆርቆሮ ከተከሉት ቲማቲም ቅጠል ቀጥፈው በጣታቸው አሹ። ያን ሽታ ይወዱታል፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ ሲያጠጡ እጃቸውን የሚያሸትቱት ለእሱ ብለው ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም የመጣ ይመስላቸዋል፤ ሽንኩርቱም፣ ሳሙናውም፣ ቅጠሉም። ታግሰው ሲጠብቁ ግን ይጠፋል። የሚያሸተው አፍንጫቸው ሳይሆን ትዝታቸው ነበር። ስንት ጊዜ እንዲህ ሲያታልላቸው እንደኖረ ሊያውቁ አልቻሉም።

ድንቢጥን ጠርተው አቀፏት። አንገቷ ሥር፣ ጸጉሯ ከላቧ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አፍንጫቸውን ቀበሩ። ልጅቷ ስለኮረኮራት ሳቀች። ሙቀቷ አለ፤ የቆዳዋ ልስላሴ አለ። ሌላው የለም። በየማታው ስትሄድ እንዲህ እያሸተቱ ነበር የሚሸኟት፤ ጠረኗን ይዘው የሚያድሩ ይመስላቸው ነበር። አለቀሱ።

«ሽንኩርቱ ነው?» አለች ድንቢጥ።

ሽንኩርቱ ነው አሏት።

እንባቸውን ሲጠርጉ ዓይናቸው ከምድጃው ሥር ካለው የጋዝ ሲሊንደር ላይ ወደቀ። ቱቦው ካረጀ ቆይቷል። ልጃቸው ቀይሪው ስትላቸው፣ ገና ያገለግላል ብለው የተሰነጠቀውን ቦታ በቢስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠቅልለው ያሰሩት ራሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ፣ ቢያፈስ ይሸተኛል ብለው ነበር። ተንበርክከው ሲሊንደሩን ዘጉት፤ መዘጋቱንም ደግመው ደጋግመው ሞከሩት። መስኮቱንም በሩንም በረገዱና ልጅቷን ይዘው ደጅ ወጡ።

ቀኑን እዚያው አትክልቱ ዘንድ አሳለፉት። ድንቢጥ በተበሳ ጣሳ ውሃ ስታጠጣ፣ እሳቸው ጥላው ሥር ቁጭ ብለው መላ ያወጡ ጀመር። ብልሃት ለእሳቸው ጠፍቶ አያውቅም። ቱቦውን ነገውኑ ማስቀየር ይቻላል። ጠርሙሶቹ ላይ ስም መጻፍ ይቻላል፤ ልጃቸው እንዲያውም ደስ ይላታል፣ በመጨረሻ ሰማሽኝ ትላለች። ካውያውን ድንቢጥ ከሄደች በኋላ ብቻ መሰካት ይቻላል። ለሰፊዋም ቢሆን አንገትጌውን ፈትታ በሌላ ጨርቅ ላይ የምታድንበትን መንገድ ማሳየት ይቻላል፤ ቀሚሱ በማን ጥፋት እንደሞተ ሳይነሳ። ሁሉንም ሲደምሩት ሆነላቸው። ማንም ሳያውቅ መኖር ይቻላል። ልባቸው ትንሽ ተረጋጋ።

በምሳ ሰዓት ዳቦና ከትላንት የተረፈ ወተት ይዘው መጡ። ወተቱን ወደ ኩባያው ሊቀዱ ሲሉ እጃቸው አመነታ። የወተቱን ጣሳ ወደ ልጅቷ አፍንጫ አስጠጉት።

«እስቲ አንቺ አሽትቺልኝ።»

ድንቢጥ በትልቅ ሰው ኩራት ዓይኗን ጨፍና አሸተተች፤ ደህና ነው አለች። እማማ ወተቱን ቀዱላት፤ ስትጠጣ እያዩ፣ ያ ሲደምሩት የዋሉት መላ ከእጃቸው ሲበተን ተሰማቸው። ነገም ወተቱን፣ ከነገ ወዲያም ጋዙን፣ ሁልጊዜም ቤቱን የምታሸትላቸው ይህች ሕፃን ልትሆን ነው። እሷን ሊጠብቁ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። በግድግዳው ማዶ የሾፌሩ ሳል ተሰማ፤ ተከትሎም የሚስቱ ድምፅ፣ ከዚያ እንደገና የሱ፣ ዝቅ ያለ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ድምፅ።

ልጃቸው አመሻሽ ላይ መጣች። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለችበትን እግሯን ከጫማዋ እያወጣች፣ ድንቢጥን ሳመችና ቦርሳዋን ታነሳላት ጀመር። እማማ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ነገ አታምጫት» አሏት።

«ምነው እማዬ፣ አመመሽ?»

ከሥር ጀምረው ነገሯት። ጠርሙሶቹን፣ ቀሚሱን፣ ቦይ ውስጥ የደፉትን ብርጭቆ፣ ሽንኩርቱን፣ የጋዙን ቱቦ። የዋሹትንም አልደበቁም። ልጃቸው ሳታቋርጥ ሰማቻቸው። ሁለቱን ጠርሙሶች ከፍታ ተራ በተራ አሸተተች፤ ባለ ነጭ ክሩ ላይ ፊቷን መለሰች። ከዚያ ከቦርሳዋ የጉንፋን ቅባት አውጥታ ክዳኑን ፈታችና ከአፍንጫቸው ሥር ያዘችላቸው።

«ይኼስ?»

«ይቀዘቅዘኛል።»

«ሽታውስ?»

ራሳቸውን ወዘወዙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እሱን ነው የማላውቀው ልጄ።»

እማማ ቁጣዋን ይጠብቁ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን መልስ አያጡም። ልጃቸው ግን የድንቢጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ክዳኑን ቀስ እያለች መልሳ ገጠመች። ስለ ማቆያው አላነሳችም፤ ታመጣታለች ወይም አታመጣትም አላለችም። ሲሊንደሩ መዘጋቱን ብቻ ጠየቀች። መዘጋቱን ሲነግሯት፣ እሷም ተነስታ ሄዳ አየችው። እናቷን አለማመኗ ለሁለቱም አዲስ ነበር፤ ስትመለስ ዓይን ለዓይን መተያየት አቃታቸው።

እማማ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ልጃቸው ወዴት ነው፣ ለሰፊዋ ነገ ትነግሪያታለሽ፣ ቀሚሱ እንደሆነ ዛሬ ብትነግሪያት አይመለስ አለቻቸው። እኔም አብሬሽ ሆኜ እነግራታለሁ አለች።

«ሰውየው የኔን ጥፋት ታቅፎ አያድርም» አሉ።

የጎረቤታቸውን በር ሲያንኳኩ ከኋላቸው የልጃቸውና የድንቢጥ እርምጃ ደርሶባቸው ነበር። የከፈተው ሾፌሩ ነው። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ሳፋውን ይዟል፤ ጣቶቹ ከውሃ ብዛት ተጨማደዋል። ከውስጥ ሰፊዋ ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንገትጌውን በምላጭ ትፈታለች፤ ቀና ብላ አየቻቸውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እማማ ያ ብርጭቆ ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ሾፌሩ ቀደማቸው።

«እንኳን መጡ እማማ። ከረፋድ ጀምሮ ሳጥበው ነው የዋልኩት፣ በአሸዋም በሳሙናም። አፍንጫዬ ተደፍኖ የበረኪናው ሽታ ለቅቆት እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ። እስቲ እርስዎ አሽትተው ይንገሯት፤ የእርስዎን ታምናለች።»

ሳፋውን በሁለት እጁ ወደ ፊታቸው ከፍ አደረገላቸው። ሰፊዋ ምላጩን ይዛ ቀና አለች፤ መልሳቸውን ትጠብቃለች።

እማማ ጎንበስ አላሉም። ሳፋውን ከእጁ ተቀብለው ደረታቸው ላይ አቀፉት፤ እርጥበቱ በልብሳቸው አልፎ ቀዘቀዛቸው።

«ግባ ልጄ» አሉት። «ግባና ከሚስትህ አጠገብ ቁጭ በል።»